ማሽኑ እስኪመረጥ ድረስ

ሰርቨር ባለመመረጡ ምክንያት ልጃቸውን ማልቀስ ያልቻሉ እናት አይቻለሁ ብል የሚያምነኝ የለም። ሙያው ያላቸው ጓደኞቼ እንዲያውም ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ኅዳር መገባደጃ ላይ ነው። የባቡሩ ሥራ ልደታን ከሁለት ሰንጥቋት፣ ሰዉ ከቤቱ ወጥቶ ታክሲ ለመያዝ በጣውላ ላይ የሚሻገርበት ጊዜ ነበር። እኔና ኑኃሚን ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ ባለ ሕንፃ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። «የት ደረሱ» የሚባለውን ድረ ገጽ የምናካሂደው ከዚያ ነው። በስደት መንገድ ላይ ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ስምና ፎቶ ይልክልናል፤ እኛ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ እንከፍትለታለን፤ አይቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ የሚል ደግሞ ከገጹ ሥር ይጽፋል። የተጻፈው ወዲያው ለሰው አይታይም፤ መጀመሪያ እኛ እናነበዋለን።

የምናነበው ያለ ምክንያት አይደለም። የሞት ወሬ ሲመጣ ገጹ ላይ አንለጥፍም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው እንጂ ኢንተርኔት ቤት በላስቲክ ወንበር ላይ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን «አንድ የቤተሰብ ሽማግሌ ይደውልልን» የምትል መስመር ገጹ ላይ እናስቀምጥ ነበር። ነገሩ ታወቀና ሰው ያቺን መስመር ገና ሲያያት ኡኡ ማለት ጀመረ። ተውናት። ከዚያ ወዲህ ራሳችን የሰፈሩን ሽማግሌ አፈላልገን እንደውላለን።

ድረ ገጹን የጀመረችው ኑኃሚን ናት፤ የጀመረችውም ለወንድሟ ነው። እንድርያስ በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ የተከፈተው ገጽ የእሱ ነው። እኔ አብሮ አደጋቸው ነኝ፤ ኮምፒዩተር ስለምችል ገባሁበት፣ ገብቼም ቀረሁ።

በዚያ ኅዳር ከዐረብ አገር ተመላሹ በየቀኑ በአውሮፕላን ስለሚገባ ልጁን የሚፈልገው ሁሉ የእኛን ገጽ ይከፍታል። ድረ ገጻችን የተቀመጠው ግን ከሌሎች ብዙ ድረ ገጾች ጋር በጋራ በያዝነው ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚያኖር የኪራይ ማሽን፣ ላይ ነበር። አንድ ቧንቧ ባለው ግቢ ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር እንደ መከራየት ነው፤ እኛ በቀዳን ቁጥር ጎረቤት ውኃ ያጣል። አከራዮቹ መረራቸውና ለብቻችሁ የሚሆን ሰርቨር ያዙ ብለው ጻፉልን። እስከዚያው ሰው በበዛ ሰዓት ገጹን ያቋርጡት ጀመር። ክፍያውን ውጭ ያሉ ወገኖች ስለቻሉልን በገንዘብ አልተጨነቅንም። የቀረን መምረጥ ብቻ ነበር።

ደብዳቤው በመጣ ዕለት፣ ኑኃሚን ለጉዳይ ወጥታ ሳለ፣ በከር የሚባል ሰው በእንድርያስ ገጽ ሥር ጻፈ። «አንድ ክፍል ታስረን ነበር። ታሞ እጄ ላይ ነው ያረፈው፤ እኔው ነኝ ያስቀበርኩት። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ልጅ ሆኖ ልደታ ማርያም ግቢ ከዛፍ ወድቆ እንደሆነ ነግሮኛል። ለእናቱ ሰው ላኩላት። ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ከዛፉ ሲወድቅ አብሬው ነበርኩ። ደሙን በሸሚዜ የጠረግሁለት እኔ ነኝ። መልእክቱን ኑኃሚን ወደማታየው ቦታ አዛወርኩና ወደ አብነት ወረድኩ።

ጋሽ ሚደቅሳ አብነት ጎማ ቤት አላቸው፤ የኑኃሚን ቤተሰብ ያለበት እድር ዳኛም ናቸው። ገና ነግሬያቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳለ፣ የኑኃሚን እናት እትዬ ወለተሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በበሩ አለፉ። አዩኝና ተመለሱ።

«ሂርጳ፣ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጎማ… ጎማ ላስነፋ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«መኪና መቼ ገዛህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ጋሽ ሚደቅሳ መሬት መሬቱን አዩ፤ እኔም እሳቸውን አየሁ። እትዬ ወለተሰንበት ሁለታችንን ተራ በተራ ተመለከቱን፤ ከዚያ ከተደረደሩት ጎማዎች አንዱ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንድርያስ ነው» አሉ። አልጠየቁም።

«ወለተሰንበት፣ ተነሺ ቤት እንሂድ» አሏቸው ጋሽ ሚደቅሳ። «እንዲህ በጎማ ቤት…»

«ኑኃሚን ሰምታለች?»

«አልሰማችም» አልኩ።

የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ አስገብተው ነከሱት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። ከቆየ በኋላ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡና «አትስማ» አሉ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ጋሽ ሚደቅሳ።

«ያን ቤት የከፈተችው ለወንድሟ ነው። ዛሬ ከሰማች ነገ ትዘጋዋለች፤ ልጄን አውቃታለሁ፣ እልኸኛ ናት። የሌላው እናት ልጅስ? ያ ማሽን የምትሉትን ትምረጥ፤ ሥራው እግር ይትከል። ከዚያ ወጉ በሚያዘው ንገሯት። እኔም ያን ጊዜ አብሬያት አለቅሳለሁ።»

«ሐዘን እኮ በሆድ አይያዝም ወለተሰንበት፤ ይገድላል።»

«አልሞትም ጋሼ። ልጅ አለችኝ» አሉና ተነሥተው ሄዱ። በጣውላው ላይ ሲሻገሩ እግራቸው እንዳይስት ፈርቼ ከኋላ ተከተልኳቸው።

አንድ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለአንድ ድረ ገጽ ብቻ የሚሆን ሰርቨር መምረጥ እኮ ተራራ መውጣት አይደለም። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ስንቱ አብሮ እንደሚገባ ታያለህ፤ ያንን የሚችል ሚሞሪ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው የሚተካው ጥንድ ዲስክ፣ ባክአፕ የሚሉት የየቀን መጠባበቂያ ቅጂ ትፈልጋለህ፤ ቦታው ደግሞ ጎብኚ ለሚበዛበት አገር የሚቀርብ ይሁን። አለቀ። በማግስቱ ጀርመን አገር ያለ፣ ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰርቨር ይዤ ፊቷ አቀረብኩ።

ኑኃሚን ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችው። «የድርጅቱ ስም አልጣመኝም» አለች።

«ስሙን ልትበዪው ነው?»

«አልጣመኝም አልኩህ። ሌላ እንይ።»

ሌላ አየን። አሜሪካ ያለውን ራቀ አለች፤ እውነቷን ነው፣ ከእኛ መስመር ገጹን ለመክፈት ያዛጋል። ሆላንድ ያለው ባክአፑ በሳምንት አንዴ ነው ብላ ጣለችው፤ በዚህም አልከራከራትም። ከዚያ አገር ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር ይሻላል ብላ ተነሣች። ጄኔሬተሩን ልይ፣ ክፍሉን ልይ እያለች አንድ ቀን ሙሉ ስታዞረኝ ዋለች። ማታ ላይ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ስል «የባቡሩ ቆፋሪዎች በየቀኑ ኬብል እየቆረጡ እንዴት አገር ውስጥ ትላለህ?» ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። ራሷ ያመጣችውን ራሷ ጣለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህችኛዋ ግን የምትይዘውም ጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ ቀንቶኛል ብዬ አመሰገንኩ። ሌላ ጊዜ መልእክት ሳታነብ የማትውለው ሴት በዚያ ሰሞን ሣጥኑን አልከፈተችም። «መልእክቱን አንተ ያዘው፣ እኔ ሰርቨሩ ላይ ልሁን» አለችኝ። እግዜር ደግ ነው አልኩ በሆዴ።

እትዬ ወለተሰንበት ምሳ ይዘው ይመጡ ጀመር። ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ነው። ከዚያ በፊት ቢሯችንን ረግጠውት አያውቁም፤ ኮምፒዩተርም ቴሌቪዥንም ለእሳቸው አንድ ነው። አሁን ግን ገና በሩን ሲገቡ፣ ሳህኑን ሳያስቀምጡ፣ «መረጣችሁ?» ይላሉ።

«ገና ነው እማዬ። ጥሩ ማሽን መሆን አለበት» ትላለች ኑኃሚን። «እሱ ሲገባ ከየአገሩ ያለ ሰው ያለ ችግር ይከፍተዋል። ያን ጊዜ የእንድርያስም ወሬ ይመጣል።»

«አሜን» ይላሉ እናትየው። ያቺ አሜን በተባለች ቁጥር ወጥቼ ደረጃው ላይ እቆም ነበር። የሞተ ልጃቸውን ወሬ እንዲያመጣላቸው እኮ ነው አሜን የሚሉት። ሰው ይህን ይችላል? እሳቸው ቻሉት። ልጃቸውን ትብላ ብለው በዐይናቸው እያጎረሱ ያይዋታል፤ እሷ ግን ምግቡን እያገላበጠች ትተወዋለች።

በዚያው ሰሞን በኮንዶሚኒየሙ በኩል አንድ ሽማግሌ አረፉና ሦስታችንም ለቅሶ ደረስን። እትዬ ወለተሰንበት ገና ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለቀቁት። ከሟቹ ልጆች ይልቅ የእሳቸው ለቅሶ ጎላ። ደረታቸውን እየመቱ «አንተዬ! አንተዬ!» ይላሉ፤ ስም አይጠሩም። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

«እማዬ፣ ምነው?» አለች ኑኃሚን ይዛቸው። «ሰውየውን በደንብ እንኳ አታውቂያቸው።»

«ደግ ነበሩ» አሉ።

ኑኃሚን እናቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተንበርክካ እሷም ማልቀስ ጀመረች። የእናቷ ሁኔታ አንጀቷን በልቷት ነው ብዬ አለፍኩት። ጎን ለጎን ሆነው በሰው ለቅሶ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። ገጹ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ስክሪን ብቻ ሲያሳይ ጠረጴዛውን መታሁት።

«ኑኃሚን! ሰው እየተጉላላ እኮ ነው። የትኛውንም ያዢ፣ የፈለግሽውን፣ ብቻ ያዢ!»

«አታጣድፈኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ማን ነው አንተን የሚያጣድፍህ?»

እናትሽ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። በእሷ ተናደድኩ፣ በእናቷ ተናደድኩ፣ ይህን ምስጢር ባሸከመኝ ወግ ሁሉ ተናደድኩ። ለብቻዬም አለቀስኩ፤ እንድርያስ የእኔም ጓደኛ ነበር፣ ለእኔ ግን መርዶ የሚነግር ሽማግሌ አልተላከም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢፍቱ የምትባል ሴት ደረጃውን እያቃሰተች ወጣች። ከአብነት በእግሯ ነው የመጣችው። የልጇን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«ኢንተርኔት ቤት ተመላለስኩ፣ አይከፍትም ይሉኛል» አለች። «እናንተ ጋ ይከፍት እንደሆነ ብዬ ነው። ልጄ ከሚመለሱት ጋር አለች እንዴ? የጻፈልኝ ሰው አለ?»

ኑኃሚን ሞከረች። ነጭ ስክሪን። ደግማ ሞከረች። ቢፍቱ ኮምፒዩተሩን ሳይሆን የኑኃሚንን ፊት ነበር የምታየው።

«እጠብቃለሁ» አለችና ወንበር ስንሰጣት እምቢ ብላ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ተቀመጠች። «መጠበቅ ለምጃለሁ። እንዲያው ቁርጤን ባውቅ እኮ… አለች ቢሉኝ ተመስገን፤ የለችም ቢሉኝም አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የማይለቀስ የማይሳቅ ነገር ነው የገደለኝ።»

የኑኃሚን እጅ ከመጻፊያው ላይ ወረደ። ፊቷን በሁለት መዳፏ ሸፍና ቆየች። ስትገልጠው ያረጀች መሰለችኝ።

«ሂርጳ፣ የመጀመሪያውን ያዘው» አለች። «የጀርመኑን።»

«ስሙ አልጣመኝም ያልሽውን?»

«ያዘው አልኩህ።»

ሰርቨሩን በማግስቱ ጠዋት አስረከቡን። ቀኑን ሙሉ ገጾቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስናጓጉዝ ዋልን። ኑኃሚን የኔታ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ ስሙን ሁሉ ጮክ ብላ እየጠራች አጣራችው። የወንድሟ ተራ ሲደርስ ዘለለችው። «የእሱን መጨረሻ አድርገው» ብላ ወጣች፤ እኔ ለብቻዬ አዛወርኩት። አመሻሽ ላይ ቢፍቱ ተመልሳ መጣች። የልጇ ገጽ ገና ስንነካው ከፈተ። ከሥሩ የጻፈ ሰው አልነበረም። ቢፍቱ ግን የልጇን ፎቶ በስክሪኑ ላይ ስታይ «በሩ ክፍት ይሁን እንጂ ትመጣለች» አለችና ገጹ ሁለተኛ እንደማይዘጋ አስምላን ሄደች።

እኔም ወደ አብነት ወርጄ ለጋሽ ሚደቅሳ ነገርኳቸው። «ተመረጠ» አልኩ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ጎህ ሳይቀድ ጎማ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰብን፤ ሽማግሌዎቹ፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ እኔ። እንዳለች የምትባል ጠንካራ ጎረቤት ኑኃሚንን እንድትይዝ ተመደበች፤ መርዶ የሰማ ሰው ራሱን ወደ ግድግዳ ይወረውራልና። እናትየውማ ያውቃሉ፤ የሚያስፈራን የልጅቷ ነው። ጣውላውን አንድ በአንድ ተሻገርን። የልደታ ማርያም ቅዳሴ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ኑኃሚን ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ቀስ በሉ፣ እማዬ አልተነሣችም» አለች በሹክሹክታ። «የማን እግር እንደሆነ ከሩቅ ነው ያወቅሁት። እሷን ማን ይይዛታል? ልቧ ደካማ ነው፤ ሁለት ሰው ይያዛት።»

ጋሽ ሚደቅሳ ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው፤ ጠፋባቸው። «ልጄ፣ እኛ እኮ የመጣነው ላንቺ…»

«እኔ ሰምቻለሁ። የዚያኑ ቀን ነው የሰማሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «በእንድርያስ ገጽ ላይ የሚጻፍ ሁሉ መጀመሪያ ስልኬ ላይ ይገባል። አንተው ነህ እኮ የሠራህልኝ፤ ረሳኸው?»

ረስቼው ነበር። ድረ ገጹን የጀመርን ሰሞን፣ ሌሊትም ቢሆን ልስማ ብላ ለምናኝ የሠራሁላት ነው።

«ታዲያ ለምን?» አልኩ። «ያ ሁሉ ሰርቨር ማማረጥ…»

«ማሽኑ ሲገባ ወሬው ይመጣል ብያት ነበር። ካልገባ ደግሞ አይመጣም። ልጇ ትንሽ ይቆይላት ብዬ ነው።» ድምፏ ተሰበረ። «ቢፍቱን ሳይ ነው የሰው እናት እያስጠበቅሁ መሆኔ የገባኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ከውስጥ የመጋረጃው ቀለበት ተንቀሳቀሰ። እትዬ ወለተሰንበት ወጡ። ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው አይመስሉም። እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እናትና ልጅ ቆመው አንዷ የሌላዋን ነጠላ አዩ። አንዷን ለመያዝ የመጣችው እንዳለች ማንን እንደምትይዝ ግራ ገብቷት እጇን ዘርግታ መሃል ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ መቼ ሰማሽ?»

«አንቺ የሰማሽ ቀን።»

ኑኃሚን ሄዳ የእናቷን ሁለት እጆች ያዘች። ሁለቱም ጥርሳቸውን ነክሰዋል። መያዙን ከለመዱ ወዲህ እንባው እንዴት እንደሚለቀቅ የጠፋባቸው ይመስል ነበር።

«ማሽኑስ?» አሉ እትዬ ወለተሰንበት። «ተመረጠ?»

«ተመረጠ፣ እማዬ። ሥራ ጀምሯል። የሁሉም ሰው ገጽ ገብቷል።»

«የእሱም?»

«የእሱም።»

እትዬ ወለተሰንበት የልጃቸውን ራስ ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«በይ እንግዲህ» አሉ፤ «አሁን እናልቅስ።»